«ውድ ኢቫን ሀንሰን» እና የተመልካቾቹ እንባ

ስለ አንድ ቴአትር መልካምነት በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በምስክርነት የሚቀርበው እንባ ነው። «አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ» ከተባለ በኋላ ድርሰቱን የሚመረምር፣ ተዋናዩን የሚመዝን ሰው አይገኝም። ዳሩ ግን እንባም እንደ ማናቸውም ምስክር ሁሉ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብበት ይገባል። ስለ ማን ፈሰሰ? ምን ነገር አፈሰሰው? ያለቀሰውስ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአዳራሹ ምን ይዞ ወጣ? እኛም በዚህ ጽሑፍ በእነዚህ ጥያቄዎች ፊት ልናቆመው ያሰብነው በአሜሪካ አገር ተደርሶ የብዙ ወጣቶችን እንባ ያፈሰሰውንና ሐያስያንን ለሁለት የከፈለውን «ውድ ኢቫን ሀንሰን» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ነው።

ቴአትሩ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በ2007 ዓ. ም. በሐምሌ ወር (እ. ኤ. አ. በ2015) በዋሽንግተን ከተማ «አሬና ስቴጅ» በሚባለው ቴአትር ቤት ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ወገኖቻችን በብዛት የሰፈሩበት ምድር እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ቴአትሩ የሚናገርላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከእኛው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የተቀመጡ፣ በአንድ አውቶቡስ የሚመላለሱ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ኅዳር 25 ቀን 2009 ዓ. ም. ብሮድዌይ በሚባለው በታወቀው የቴአትር ሰፈር ተከፈተ። ዜማውንና ግጥሙን ያዘጋጁት ቤንጅ ፓሴክና ጀስቲን ፖል ሲሆኑ የተውኔቱን ቃል የጻፈው ስቲቨን ሌቨንሰን፣ ለመድረክ ያሰናዳው ማይክል ግራይፍ ነው። በ2009 ዓ. ም. በሰኔ ወር (እ. ኤ. አ. በ2017) ቶኒ የሚባለውን ከፍተኛ የቴአትር ሽልማት በስድስት ረድፍ ወሰደ፤ ከእነዚህም አንዱ የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚለው ነው። በ2012 ዓ. ም. ሎንዶን ደረሰ። በብሮድዌይ የነበረውም ትርኢት በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ እንደ ገና ከተከፈተ በኋላ በ2015 ዓ. ም. መስከረም ላይ ተፈጸመ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢቫን ሀንሰን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ላብ የሚያጠምቀው፣ ቃል ከአፉ የሚጠፋበት፣ ወዳጅ የሌለው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ትቷቸው ከሄደ ቆይቷል፤ እናቱ ቀን በሆስፒታል በረዳት ነርስነት እየሠራች ማታ ትማራለች። የአእምሮ ሐኪሙ መንፈሱን ያበረታ ዘንድ በየጊዜው ለራሱ ደብዳቤ እንዲጽፍ አዝዞታል። ከነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ ኮነር መርፊ በተባለ፣ እንደርሱው ብቸኛ በሆነ ነገር ግን ቁጡ በሆነ ተማሪ እጅ ይገባል። ከጥቂት ቀን በኋላ ኮነር ራሱን ያጠፋል። ወላጆቹም በልጃቸው ዘንድ የተገኘውን ወረቀት አንብበው «ልጃችን ለወዳጁ የጻፈው የመጨረሻ ቃል ነው» ብለው ያምናሉ። ኢቫን ሊክድ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን የእናቲቱን ዐይን ባየ ጊዜ አፉ ተያዘና «አዎን፣ በምሥጢር ወዳጆች ነበርን» አለ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ አንድ ቃል ልጅና የልጅ ልጅ ነው። አንድ ጓደኛው ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ የሐሰት ኢሜይል አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፤ በሟቹ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር ይቋቋማል፤ ኢቫን ስለ «ወዳጁ» ያደረገው ንግግር በኢንተርኔት ዓለምን ይዞራል፤ የሟቹ እኅት፣ ከልብ የሚወዳት ዞኢ፣ ትቀርበዋለች።

እዚህ ላይ እኛ በጽሕፈት ቤት ስንት ዓመት ወረቀት ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። ደብዳቤው ለኢቫን የተጻፈ ሲሆን በፊርማው ቦታ የሰፈረው «እኔ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የእጅ ጽሕፈት ስላልሆነም በጽሕፈቱ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ወረቀት ማንኛውም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ላኪው አይታወቅም» ብሎ በዕለቱ ይመልሰው ነበር። ደራሲው ግን በዚህ ስሕተት ላይ ትልቅ ቤት ሠራበት፤ ቤቱም እንዳይወድቅ የያዘው የወላጆቹ ኀዘን ነው። ኀዘንተኛ ሰው የፊርማ ጥያቄ አያነሣም። ሲቪል ሰርቪሱ ያጣውን ነገር ደራሲው አግኝቶታል ማለት ነው።

የቴአትሩ ምንጭም ከሕይወት የተቀዳ ነው። ፓሴክ በሚማርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ በሞተ ጊዜ ከዚያ በፊት የማያውቁት ሁሉ የቅርብ ወዳጁ እንደ ነበሩ አድርገው መናገር እንደ ጀመሩ፣ ይህም ነገር በልቡ እንደ ቀረ ደራሲዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። እኛም በየለቅሶው ቤት ይህን አላየንምን? ሰውዬው በሕይወት ሳለ ሰላምታ የነፈገው ጎረቤት በሣልስቱ ቀን ከድንኳኑ መካከል ቆሞ ደረቱን ሲመታ ይታያል። ስለዚህ የቴአትሩ መነሻ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የአሜሪካ ወጣቶች ቴአትሩን የተቀበሉበት መንገድ ከተለመደው ጭብጨባ ያለፈ ነበር። ከትርኢቱ በኋላ በተዋንያኑ መውጫ በር ቆመው የራሳቸውን ጭንቀትና ብቸኝነት የሚያጫውቱ፣ ደብዳቤም የሚጽፉ ብዙዎች ነበሩ። ኢቫን የሚለብሰው ሰማያዊ ሸሚዝና ክንዱ ላይ ያለው፣ የኮነር ስም በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ጄሶ እንደ ምልክት ተቆጠረ። መሪውን ሚና የተጫወተው ቤን ፕላት ሲዘፍን የሚያነባው እንባ፣ የሚንቀጠቀጠው ጣቱ፣ ቃል ሲያጥረው የሚውጠው ምራቅ ከወጣት ተዋንያን ዘንድ ብዙ ጊዜ የማይታይ ጥበብ ነው ተብሎ ተወደሰ፤ እርሱም እናቱን ሆና የተጫወተችው ሬቸል ቤይ ጆንስም በዚያው ዓመት ተሸለሙ። ብዙ ሐያስያንም በአዲስ ዜማና በአዲስ ታሪክ የተሠራ፣ ከቀድሞ ፊልም ወይም ልብ ወለድ ያልተወሰደ ሥራ በመሆኑ ደስ ተሰኝተው ጻፉ።

ሌሎቹ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። ክርክራቸውም ባጭሩ ይህ ነው፤ ይህ ልጅ በሞተ ሰው ስም ይዋሻል፤ በውሸቱ ፍቅር ያገኛል፤ በሰው ቤት እንደ ልጅ ተቀምጦ ራት ይበላል፤ ኋላም ሁሉ ሲፈርስ ደራሲዎቹ ያማረ ዜማ ሰጥተው ተመልካቹ ለእርሱ እንዲያለቅስ ያደርጋሉ። የሞተው ልጅ ግን በቴአትሩ ውስጥ የራሱ ድምፅ የለውም። በመድረክ ላይ ተመልሶ የሚታየው ኢቫን የሚፈጥርለትን ቃል ሊናገር ነው፤ የሐሰቱ ኢሜይል በሚጻፍበት ጊዜም ሟቹ ወጥቶ እየዘፈነና እየዘለለ ተመልካቹን ያስቃል። ነቃሾቹ ይህን ሲያዩ «ሙት ልጅ ለሕያው ልጅ መሰላል ሆነ» አሉ። ዘፈኖቹ ከታሪኩ ተነጥለው በሬዲዮና በስልክ ሲሰሙም ሌላ ችግር አለ። ለተጨነቀ ሰው «ብቻህን አይደለህም» የሚል መጽናኛ የሆነው ታላቁ መዝሙር በቴአትሩ ውስጥ የሚዘመረው በሐሰት ንግግር ላይ ነው። የሰማው ሁሉ ይጽናናል፤ የተጽናናበት ነገር ግን አልነበረም።

ይህን ክርክር ይበልጥ ያጋጋለው በ2014 ዓ. ም. መስከረም ላይ (እ. ኤ. አ. በ2021) የወጣው ፊልም ነው። በመድረክ ላይ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መስሎ የታየው ፕላት በፊልም ጊዜ ሃያዎቹን ከአጋመሰ ቆይቶ ነበር፤ ካሜራውም ፊቱን በቀረበ ቁጥር ዕድሜው ተገለጠ። መድረክ ርቀት አለው፣ ርቀትም ይቅር ይላል፤ ካሜራ ግን እንደ አማት ነው፣ ምንም አያልፈውም። ነገሩ ስለ ፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ተዋናዩ ልጅ መሆኑ ሲጠፋ ይቅርታውም አብሮ ጠፋ። የልጅ ውሸት ሆኖ ያሳዘነን ነገር በሙሉ ሰው አፍ ሲነገር ማታለል ሆኖ ታየ። ፊልሙ ከመድረኩ የለወጠው ሌላም ነገር አለ። በመድረክ ላይ ኢቫን እውነቱን የሚናገረው ለሟቹ ቤተ ሰቦች ብቻ ነው፤ እነርሱም ምሥጢሩን ይዘው ዝም ይላሉ፤ ሕዝቡ ሳያውቅ ይቀራል። በፊልሙ ግን ልጁ በሕዝብ ፊት በኢንተርኔት ይናዘዛል። አዘጋጆቹ ይህን የጨመሩት ነቀፋውን ሰምተው ይመስለናል። ዳሩ ግን ነቀፋው አልበረደም።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ይህን ፊልም በአቃቂ ከመምህራንና ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ሆነን በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ተመልክተነው ነበር። አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለ፣ የባቡር ሐዲድ ያለፈበት፣ የጨርቃ ጨርቅና የሌላም ፋብሪካ ሠራተኛ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ሀገር ፍቅርም ብሔራዊ ቴአትርም ያሉት በመሀል ከተማ ስለ ሆነ የእኛ ሰፈር ልጅ ቴአትር ለማየት ቢያምረው ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ማሳለፍ አለበት፤ በ2008 ዓ. ም. ቀላሉ ባቡር እስከ ቃሊቲ ቢደርስም ማታ ከትርኢት በኋላ መመለሱ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ ሙዚቃዊ ቴአትር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር በየመካከሉ እያቆመ ይተረጉም ነበር።

የተማሪዎቹ ሁኔታ ከአሜሪካኖቹ ጋር የሚመሳሰልም የማይመሳሰልም ነበር። ኢቫን ከሰው ጋር ለመነጋገር ሲንተባተብ ሳቁ፤ ሳቃቸው የንቀት ሳይሆን የሚያውቁትን ነገር ያዩ ሰዎች ሳቅ ነበር። ልጁ ከልብስ አልባሳቱ፣ ከቤቱ፣ ከመኪናው ጋር «ምን ጎድሎት ነው?» ያሉም አልጠፉም። ታላቁ መዝሙር በተዘመረ ጊዜ ግን ዝም ብለው ሰሙ እንጂ አላለቀሱም። ያለቀሱት እናቱ በመጨረሻ በምትዘፍነው ዘፈን ላይ ነው። ይኸውም አባትየው ዕቃውን በመኪና ጭኖ የሄደ ዕለት ሕፃኑ ኢቫን «አንቺንም የሚወስድሽ መኪና ይመጣል ወይ?» ብሎ እንደ ጠየቃት የምታስታውስበት ነው። አንዲት ተማሪ ቆይታ «እኔም እንዲህ ብያት ነበር» አለች። ከዚህ በላይ የሚጻፍ ሒስ የለም።

ከልጃቸው ጋር መጥተው ከኋላ የተቀመጡ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ እናት ግን ከሁላችን የበለጠ ጥያቄ ጠየቁ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ «ለመሆኑ ለነዚህ ሰዎች መርዶ የነገራቸው ማን ነው?» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ እኛ ግን ጥያቄው ከብዙ ሐያስያን ጽሑፍ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የገባ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱን እንግለጥ።

በእኛ አገር ልማድ ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ወዲያው አይነገርም። «ታሟል፣ ጸንቶበታል» ይባላል፤ ሰው ይላካል፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎች ሄደው መርዶውን ያረዳሉ። እንግዲህ ይህ ውሸት ነው ወይስ አይደለም? በቃሉ ውሸት ነው። ነገር ግን ሦስት አጥር አለው። አንደኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው አይደለም፤ ማኅበሩ ሁሉ ተማክሮ የተሸከመው ነው። ሁለተኛ፣ ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ከንጋት አያልፍም። ሦስተኛም፣ ተዋሽቶ የሚቀር ሳይሆን ሰውየውን ቀስ በቀስ ወደ እውነቱ የሚያደርስ ነው። የኢቫን ውሸት ከነዚህ አንዱም የለውም። አንድ ልጅ ብቻውን ተሸከመው፤ የሚያበቃበት ቀን አልተቆረጠለትም፤ በየዕለቱም ኀዘንተኞቹን ከእውነተኛው ልጃቸው እያራቀ ወዳልነበረ ልጅ ወሰዳቸው። በዚያ ከተማ መርዶ ነጋሪ የለም፤ ጎረቤት የለም፤ ዕድር የለም። ሁለት ኀዘንተኞች በትምህርት ቤቱ ቢሮ ከአንድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ፊት ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። በመድረኩ ላይ በጠቅላላው ስምንት ተዋንያን ብቻ መኖራቸው ከመድረክ ወጪ ቁጠባ ብቻ የመጣ አይመስለንም። ዙሪያውን ግን የማኅበራዊ መገናኛው ጽሑፍ በልዩ ልዩ መስታወት ላይ ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል፤ ጽሑፍ ብዙ፣ ሰው ጥቂት።

ስለዚህ እኛ ከነቃሾቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። እነርሱ «ልጁ ዋሸ፣ ደራሲውም ይቅር አለው» ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንለው ደራሲው የሳተው ይቅር በማለቱ አይደለም፤ የይቅርታውን ሥርዓት ባለማሳየቱ ነው። ኢቫን ከተናዘዘ በኋላ የሟቹ ወላጆች አንድ በአንድ ከመድረክ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አናያቸውም። ሁለተኛ ጊዜ ልጃቸው የሞተባቸው ሰዎች ምን ሆኑ? አባትየው፣ እስከዚያ ድረስ አላለቅስም ብሎ ልቡን ያደነደነው፣ ምን አለ? ቴአትሩ ከዓመት በኋላ በአንድ የፖም አትክልት ቦታ ኢቫንንና ዞኢን አገናኝቶ ወላጆቿ ከዚያ ወዲህ እንደ ተቀራረቡ በአፏ ብቻ ያስነግራል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የድርሰቱ ከባዱ ትዕይንት ከመድረክ ጀርባ ተፈጸመ፤ ተመልካቹም እንባውን ያፈሰሰው በቀላሉ ቦታ ነው።

ሙት ልጅ ለሕያው ልጅ መሰላል ሆነ ስለሚለው ነቀፋም የምንለው አለ። የእኛ አልቃሽ በለቅሶ ላይ የማታውቀውን ሰው ታሞግሳለች። ስለ ዘሩ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ደግነቱ ከቤተ ሰቡ ጠይቃ በግጥም ታወርደዋለች፤ ያልነበረውንም ትጨምርበታለች። ማንም ሰው ሐሰተኛ ናት አይላትም። ለምን ቢሉ፣ ሁሉም አልቃሽ መሆኗን ያውቃል፤ ሙሾ ሙሾ ነው፤ ምስክርነት አይደለም። ኢቫን በመጀመሪያው ቀን ከወላጆቹ ማዕድ ተቀምጦ ከኮነር ጋር ዛፍ ላይ ወጣን፣ ሜዳውን አየን እያለ የሚዘምረው መዝሙር በባሕርዩ ሙሾ ነው፤ መልካም ሙሾም ነው። እናቲቱ የፈለገችውም ሙሾ ነበር፤ በአገሯ ሙሾ የሚያወርድላት ሰው ስለሌለ ከምስክር ፈለገችው። ልጁ አልቃሽነቱን በምስክርነት ስም ሸጠላት። ከዚህ የተነሣ ደራሲዎቹ በውሉ ሳያስተውሉት ስለ አንድ ትልቅ ነገር ጽፈዋል እንላለን፤ ይኸውም የለቅሶ ሥርዓት የጠፋበት ኅብረተ ሰብ ኀዘኑን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም።

ሥራው በግጥምም በዜማም ከፍ የሚልበትን ቦታ ካነሣን ከእናቲቱ ዘፈን ቀጥሎ የእኅቲቱ የዞኢ ዘፈን ነው። ዞኢ ወንድሟ በሕይወት ሳለ በሯን እየደበደበ ያስፈራራት ነበር፤ ሲሞት ሁሉ «አልቅሺ» ይላታል። እርሷ ግን ለክፉ ወንድም የሚሆን ሙሾ ከልቤ አይወጣም ብላ እንቢ ትላለች። በዚያው ዜማ እናቲቱ የሐሰቱን ኢሜይል እያነበበች ልጄን መልሼ አገኘሁ ትላለች፤ አባትየው እንባው አልመጣ ብሎ ይታገላል። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ሙት ሦስት የማይገናኝ ነገር በአንድ ዜማ ይናገራሉ። ተራ ተውኔት ይህን ለማድረግ ሦስት ትዕይንት ያስፈልገው ነበር፤ ሙዚቃዊ ቴአትር ያለውን ኀይል የሚያሳየውም እዚህ ላይ ነው። በጣም የሚያሳዝነን ግን በፊልሙ የእናቶቹ የመክፈቻ ዘፈን መቆረጡ ነው። ሁለቱ እናቶች፣ አንዲቱ ድኻ አንዲቱ ባለጠጋ፣ ልጅ ለማሳደግ መንገድ የሚያሳይ ካርታ ጠፋን ብለው የሚያማርሩበት ዘፈን ቴአትሩን የወጣቶች ብቻ ሳይሆን የወላጆችም ያደረገው ነበር። አባትየው ለኢቫን የቤዝቦል ጓንት እንዴት እንደሚለሰልስ የሚያስተምርበትም እንዲሁ ተቆርጧል። ፊልሙ ወላጆቹን ቀንሶ ልጁን አጎላ፤ ያን ጊዜ የልጁ ጥፋት ብቻውን ቀረ።

የጉርምስና ዕድሜን ወደ መድረክ ማውጣት ለእኛም ለዓለምም አዲስ ነገር አይደለም። የሼክስፒር ዡልየት አሥራ አራት ዓመት አልሞላትም፤ ከበደ ሚካኤል በ1940ዎቹ ዓመታት በአማርኛ ግጥም ካቀረቡልን ወዲህ ስንት ተማሪ እንዳነበባት የምንነግራችሁ አይደለም። በዚያ ድርሰት ጥፋቱ የሚመጣው የካህኑ ደብዳቤ ለሮሚዮ ሳይደርስ በመቅረቱ ነው፤ በዚህኛው ደግሞ ደብዳቤው ለማይገባው ሰው በመድረሱ። እ. ኤ. አ. በ1957 አሜሪካኖች ያንኑ የሼክስፒርን ታሪክ ወደ ኒው ዮርክ ጎዳና አውርደው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ብለው በዘፈንና በውዝዋዜ ሠሩት። ከጠላት ወረራ በፊትም ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎችን ወደ መድረክ እያወጡ ቃልንና ዜማን አዋሕደው ያሳዩ እንደ ነበር የቴአትራችን ታሪክ ይናገራል። እንግዲህ ዘፈን ያለበት ቴአትርም፣ መድረክ ላይ የቆመ ተማሪም ለእኛ የውጭ ዕቃ አይደለም። በዚያን ዘመን ግን ተማሪው በመድረክ የሚናገረው ስለ አገር፣ ስለ ምግባር፣ ስለ ጀግንነት ነበር፤ ስለ ራሱ ልብ አልነበረም። አቃቂ ላይ ያየናቸው ልጆች የሳቁትና የተገረሙት ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። እነርሱን የሚያህል ልጅ «እፈራለሁ» ብሎ ሲዘፍን ሰምተው አያውቁም ነበር።

አንድ ከባድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ኮነር የሞተው ራሱን በማጥፋት ነው። ኢቫንም ከዛፍ ወድቄ ነው የተሰበርኩ ያለው ክንዱ በአጋጣሚ እንዳልተሰበረ ኋላ ይገለጣል። በእኛ ቤት እንዲህ ያለው ሞት ስሙ አይጠራም። ራሱን ለገደለ ሰው ጸሎተ ፍትሐት እንዳይደረግለት የሚከለክለው የቆየ ሥርዓት ስላለ፣ ከዚያም በላይ ስለ ኀፍረት፣ ለቅሶ ደራሹ ምክንያቱን ሲጠይቅ «ድንገተኛ ነው» ይባላል። ቤተ ሰቡን ለመጠበቅ የተነገረ ቃል ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚያው ድንኳን ጥግ ተቀምጦ ሻይ የሚያድል፣ በልቡ ያንኑ ሐሳብ የተሸከመ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሊኖር ይችላል፤ «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ለእርሱ ምን ይነግረዋል? ፊልሙን ያየን ዕለት ከመምህራኑ አንዱ ይህን ጥያቄ ሲያነሣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ጸጥታውም በፊልሙ ጊዜ ከነበረው ጸጥታ የረዘመ ነበር። ከዚያ አንድ ወንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «በእኛ ክፍል የሚነገረው ለማን ነው?» አለ። ዳይሬክተር፣ መምህር፣ የንስሐ አባት፣ እናት የሚል መልስ ከየአቅጣጫው መጣለት። ልጁ ሁሉንም ሰምቶ ተቀመጠ፤ የቱን እንደ መረጠ አልተናገረም።

የአሜሪካኖቹ ተመልካቾች በተዋንያኑ በር ላይ የተሰለፉበትም ምክንያት ይህ ጥያቄ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የሚነገረው ሰው አጥተው ለተዋናይ ነገሩት። ይህን የመሰለ ተመልካች «በርካሽ እንባ ተታለለ» ብሎ ማለፍ ለሐያሲ አይገባውም፤ ደራሲም በበኩሉ እንዲህ ላለ ሰው የሐሰት ንግግር ላይ የቆመ መጽናኛ ሰጥቶ መሄዱ ቀላል ዕዳ አይደለም።

ከመምህራኑ መካከል ቴአትሩን ወደ አማርኛ መልሰን በትምህርት ቤት ብናሳየውስ ያሉ ነበሩ። የፈቃዱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ትተን ስለ ቋንቋው ብቻ እንናገር። ከርእሱ ይጀምራል። «ውድ» የሚለው የደብዳቤ መክፈቻ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፤ አባቶቻችን «ይድረስ ለ… እንደ ምን ሰንብተሃል?» ብለው ነው የሚጽፉት። ሰው ለራሱ ሲጽፍ «እንደ ምን ሰንብቻለሁ?» ይል ይሆን? ያስቃል፤ ነገር ግን የልጁን ብቸኝነት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያሳያል። ለታላቁ መዝሙር ተርጓሚ አይቸገርም፤ መጽናኛ በአማርኛ ሞልቷል። የሚያስቸግረው የዞኢ ዘፈን ነው። በእኛ ሙሾ ሟችን መውቀስ ያለ ነው፤ «ለምን ጥለኸኝ ሄድህ» ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳው ግን ከፍቅር የመጣ ነው። እኅት በወንድሟ ለቅሶ ላይ ቆማ «አላለቅስልህም» የምትልበት ዜማ ግን አናውቅም። ተርጓሚው ምናልባት ዜማውን ከአልቃሾች ተውሶ ቃሉን የራሱ ማድረግ ይኖርበታል፤ እኚያ ጡረተኛ እናትም ይህን ሲሰሙ «ዜማውን እኔ እሰጣችኋለሁ፣ ቃሉን ግን ልጅቷ ትጻፈው» አሉ።